የተፋቀው ቃል

ማዘንጊያ ያን ቀን ጠዋት ባሏን ያገኘችው ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ፣ በምላጭ ወረቀት ሲፍቅ ነው። ከሩቅ ስታየው ጥፍሩን የሚቆርጥ መስሏት ነበር። ጠጋ ስትል ግን ጉልበቱ ላይ የዘረጋው የምስጋና ወረቀቱ ሆነ፤ በየካቲት የካርቱም ሐበሾች ማኅበር ሰዎች የሰጡት፣ ዳርና ዳሩ ሐረግ የተሳለበት፣ እሷ ራሷ ፍሬም አስገብታ ከአልጋው በላይ የሰቀለችለት። ፍሬሙ ባዶውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ይስማው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በምላጩ ጫፍ ይጭርና ብናኙን እፍ ይላል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አንዳንዴ ከመስመር ወጥቶ የጎኑን ፊደል ይነካል፤ ያኔ ቆም ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሙሉውን አይደለም የሚፍቀው። ስሙ አለ፣ «ለአገርዎ ለከፈሉት መሥዋዕትነት» የሚለው አለ፣ ከሥሩ ማኅተሙም አለ። የሚፍቀው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ «በመድፈኛነት» የምትለዋን።

«ቀደህ ብትጥለው አይሻልም?» አለችው።

«እሱንስ አልቀደውም» አለ፣ ቀና ሳይል።

ከዋናው አስፋልት በኩል ተኩሱ እንደ ወትሮው ይንጣጣል። ለእሱ ጆሮዋ ከለመደ ሁለት ወር አልፎታል። ያስጨነቃት የምላጩ ድምፅ ነበር፤ ወረቀቱን ሲቧጥጠው ጥርሷን አሳከካት።

ወሬውን ትናንት ያመጣችው የኔነሽ ናት። የኔነሽ ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤታቸው፣ ጀብራ ሰፈር ከገቡ ጀምሮ ክፉ ደጉን አብረው ያዩ ሴት ናት። ሻሽዋን ሳታስር፣ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጥታ፣ «ጋሽ በቀለን ወሰዷቸው» አለች። ከደሙል የሚሉትን የራስ ጥምጥም የጠመጠሙት ታጣቂዎች ሰፈሩን ከያዙ ወዲህ ሰው መውሰዳቸው አዲስ ነገር አልነበረም፤ መኪና ያለውን ለመኪናው፣ ወርቅ ያለውን ለወርቁ ይወስዱታል። በቀለ ግን አንዲት ሬዲዮና አንድ አልጋ ያለው ሽማግሌ ነው። የወሰዱት ለእጁ ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ መድፍ ጎትተው አስገብተዋል፤ የሚያነጣጥርላቸው ሰው ግን የላቸውም። የተኮሱት አንዴ ወንዝ ውስጥ፣ አንዴ የራሳቸው ሰዎች ላይ ወድቋል ይባላል። አሁን የድሮ የሐበሻ ወታደር ፈልጉ ተብሏል። የኔነሽ ይህን ስትናገር ይስማውን አላየችውም፤ የሻይ ብርጭቆዋን ነበር የምታየው። ይስማውም ምንም አልጠየቃት። እስኪነጋ ድረስ ግን ማዘንጊያ አልጋው በጎኗ ሲንቀሳቀስ ተሰምቷታል።

ወደ ምስጋናው በዓል ሂድ ያለችው ማዘንጊያ ራሷ ነበረች። ይስማው በሰማንያ ሦስት ከከረን ተነሥቶ በእግሩ ከሰላ ከገባ፣ ጠመንጃውን ድንበር ላይ ከጣለበት ቀን ጀምሮ ወታደር ነበርኩ ብሎ ለሰው አውርቶ አያውቅም። የስደተኛ ወረቀቱ ላይ ገበሬ ብሎ አስጽፏል። ካርቱም ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት በጋፊርነት የሰው ግቢ ሲጠብቅ አሠሪዎቹ የሚያውቁት በግ እንደሚያርድ፣ አበባ እንደሚያጠጣ ብቻ ነው። ናርዶስ፣ አንድ ልጃቸው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ አባቷ መድፍ ተኩሶ እንደሚያውቅ አልሰማችም። በየካቲት ማኅበሩ ባለውለታ አረጋውያንን እናክብር፣ አፈር ሳይለብሱ እናመሰግናችኋለን እንበላቸው ብሎ ስማቸውን ሲመዘግብ፣ ይስማው «እኔ የለሁበትም» ብሎ ነበር። ማዘንጊያ ናት የጎተጎተችው። «ሰው አንድ ቀን ያጨብጭብልህ እንጂ፤ ወንጀል አልሠራህ!» አለችው። ሸሚዙን ተኮሰችለት፤ ሄደ። አሥራ አንድ ሽማግሌዎች በሰልፍ ተቀመጡ፤ ጋቢ አለበሷቸው፤ ወረቀቱን ሰጧቸው፤ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ከይስማው ጎን የተቀመጠው በቀለ ነበር። ሁለቱ አንድ መድፍ ላይ ነበሩ፤ ይስማው ሃምሳ አለቃ፣ በቀለ አነጣጣሪው። ሆኖም ከተኮራረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ በቀለ በየሠርጉና በየክርስትናው ሁለት ብርጭቆ ሲቀምስ ስለ መድፉ ስለሚፎክር፣ ይስማው ደግሞ ዝም በል ስለሚለው። ያን ቀንም ጋቢያቸው እየተነካካ ሳይነጋገሩ ተለያዩ። በአዳራሹ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር።

ጠዋቱ እንዲሁ ሄደ። መብራት ከጠፋ ሃያ ቀን ሆኖታል፤ በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ የሚያዞረው ሰው አንድ በርሜል ውኃ የሚሸጥበት ዋጋ በፊት ከወር የቤት ኪራይ ጋር የሚስተካከል ነበር፤ እሱም ባለፈው ሐሙስ አህያው ተመትታ ቀረ። ማዘንጊያ የቀረውን ውኃ ለሦስት ከፋፍላ አስቀመጠች፤ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለምስር፣ አንዱን ለመንገድ። የኔነሽና ባሏ ለአሥር ሰዓት ሀፍላ የሚሉትን ሚኒባስ አግኝተዋል፤ በሶባ አድርጎ ወደ መደኒ ከተማ የሚሄድ። ሦስት ቦታ ለእነሱም ይዘውላቸዋል። አንዲት ሻንጣ ከበሩ ኋላ ተዘጋጅታለች፤ ናርዶስ ስልኳን፣ የትምህርት ቤት ወረቀቷንና ሁለት ቀሚስ ከትታባታለች። ማዘንጊያ ሰዓቱን አየች፤ ሦስት ሰዓት አልሞላም። ሰባት ሰዓት ብቻ፣ አለች በሆዷ። ሰባት ሰዓት ብቻ ዝም ብለው ይለፉን።

በሩ የተንኳኳው ይህን ስታስብ ነው። በእጅ አልነበረም፤ በሰደፍ ነበር። ናርዶስ ሳይነገራት ተነሣች። ከቁም ሳጥኑ ኋላ፣ ከየኔነሽ ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ላይ፣ ጦርነቱ በተጀመረ ሳምንት ይስማውና የየኔነሽ ባል የከፈቱት ቀዳዳ አለ፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው የተከፈተው። ልጅቷ በሆዷ ተንፏቃ ገባች፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ አንዱ ወለሉ ላይ ቀረ። ማዘንጊያ ጫማውን በእግሯ ገፍታ አልጋው ሥር አስገባችና ቁም ሳጥኑን መለሰች። ብቻዋን እንዴት እንደገፋችው አታውቅም።

ይስማው በሩን ከፈተላቸው፤ አራት ሆነው ገቡ። ሦስቱ ልጆች ናቸው፤ አለቃቸው፣ ገኢድ የሚሉት፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሰላምታውን ሳይዘል፣ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ያ ሐጅ» አለ። ከሚጮኸው ሰው ይልቅ ይህ ሰላምታው ማዘንጊያን አስፈራት። ገኢዱ ስልኩን አውጥቶ ለይስማው አሳየው። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ያ ሁሉ ሕዝብ በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ጠመንጃ በያዙ ሰዎች መካከል፣ ያጨበጭብ ጀመር። በስልኩ ላይ ይስማው ጋቢ ለብሶ ዓይኑን ይጠርጋል።

«ይኼ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ወታደር ነበርክ።»

«ድሮ ነው፣ ልጄ። አንተ ሳትወለድ።»

«ምን ነበር ሥራህ?»

ይስማው መነጽሩን አወለቀ። ከልጆቹ አንዱ ከጓሮ ወረቀቱን ይዞ ገባ፤ ከጀሪካኑ ላይ ነበር ያነሣው። ሌላው፣ ገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ ላይ ከሐበሻ የቀን ሠራተኞች ጋር የከረመ፣ አማርኛ የሚሰባብር ልጅ፣ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ማንበብ እንደማይችል ተናገረ። ገኢዱ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። የተፋቀው ቦታ ስስ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። ጣቱን አሳረፈበት፤ ከዚያ ወደ ይስማው ሱሪ አየ። ጉልበቱ ላይ ነጭ ብናኝ ነበር።

«ይኼን ዛሬ ነው የፋቅኸው» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ይል ነበር?»

ቃሉ ከየት እንደመጣላት ማዘንጊያ ኋላም አላወቀችውም። ደይም በሚባለው ሰፈር ባለ ምግብ ቤት አሥራ አምስት ዓመት የሠራችበት ሙያ ነው ከአፏ የወጣው።

«ጠባኽ!» አለች። «ጠባኽ ነው የሚለው። የወታደር ወጥ ሠሪ ነበር። ጓደኞቹ ሁሉ መድፈኛ፣ ታንከኛ ተብለው ሲጻፉ እሱ ብቻ ወጥ ቤት ተብሎ ተጻፈበት። ያፍርበታል። ወረቀቱን ከሰቀልኩለት ጀምሮ ስንጣላበት ነው የኖርነው፤ ዛሬ ምላጭ አንሥቶ ፋቀው።»

ገኢዱ አያት። ከዚያ ይስማውን አየ። ይስማው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ፊቱ ቀልቷል። በፍርሃት ይሁን በውሸቱ እፍረት አይለይም፤ ለሚያየው ሰው ግን ገበናው የተገለጠበት ባል ነበር የሚመስለው። ከልጆቹ አንዱ ሳቀ። ገኢዱም ፈገግ አለ።

«ጥሩ» አለ። «ልጆቼ ሁለት ወር ሙሉ ብስኩትና ሰርዲን ነው የበሉት። ያላ፣ ያ ጠባኽ፣ ተነሣ።»

ይስማው በሕይወቱ ሽንኩርት ልጦ አያውቅም። ማዘንጊያ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ ነጠቀች። «እኔም እመጣለሁ» አለች። «ዓይኑ አያይም፤ እጁን እዩት። ሽንኩርት የምልጥለት እኔ ነኝ።» ማንም አልከለከላትም። ወደ ቁም ሳጥኑ ሳትዞር ወጣች፤ ብትዞር ልጅቷን የምታስይዛት መሰላት።

ትምህርት ቤቱ በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው። መንገዱ ላይ የምታውቃቸው ቤቶች በራቸው ተገንጥሎ፣ ዕቃቸው ተዘርግፎ፣ ባዶአቸውን ቆመዋል። የሰንደል ቀለም ያለው የአንዲት ሴት መከናነቢያ ቶብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል። ይስማው ከፊቷ ይሄዳል። ጀርባውን እያየች፣ ይህን ሰው ሰው ፊት እንዲቆም የገፋሁት እኔ ነኝ፣ ትላለች። እርምጃዋን ትቆጥራለች፤ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች። ግቢው ሲገቡ መድፉ መሐል ሜዳው ላይ፣ ከባንዲራው ምሰሶ ሥር ቆሟል። አፈሙዙ ወደ ሰሜን፣ ወንዙን አሻግሮ ወደ ኦምዱርማን ዞሯል። ማዘንጊያ በየቅዳሜው ለምግብ ቤቱ ቅመም ትገዛ የነበረው ከዚያ ነው፤ ሰው በሰው ላይ የሚረጋገጥበት ገበያ።

በቀለ ከመድፉ ጎማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ ነው የወሰዱት። ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። ከፊቱ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ብሎን፣ ጥቃቅን ብረትና መስታወት ተበትኗል። ቀና ሲል ይስማውን አየ፤ ይስማውም አየው። አሥራ አንድ ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች ናቸው።

ገኢዱ ከበቀለ ፊት ቁጢጥ አለ። «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ሚስቱ ጠባኽ ነበር ትላለች። አንተ መድፈኛ ነኝ ብለኸኛል፤ እሱስ? ብትዋሹኝ ሁለታችሁም ከዚህ ግድግዳ አታልፉም።»

በቀለ የያዘውን ብረት አስቀመጠ። ባልተደፈነው ዓይኑ ይስማውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ማዘንጊያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ይህ ሰው ስለ መድፉ ሳይፎክር የዋለበት ቀን የለም፤ ይህ ሰው ላኮረፈው ለይስማው ምንም ዕዳ የለበትም፤ ብቻውን ከሚሞት ሁለት ሆኖ መሥራት ይቀለዋል። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትጠበቅበት። ከመንገዱ ማዶ ጥይት ተንጣጣ፤ ማንም አልዞረም።

በቀለ እንትፍ አለ። «ይኼ?» አለ በዐረብኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይኼማ ሁለት ዓመት ያረረ ምስር ያበላኝ ሰው ነው! እኛ መድፍ ስንተኩስ ይህ ድስት ከድኖ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛ ነበር። ጋቢ ሲያለብሱት ከጎኔ ተቀምጦ አፈርኩ። እሱን መድፍ ካስያዛችሁት ነገ ራሳችሁን ነው የምትመቱት።»

ልጆቹ ተሳሳቁ። ሰሊጥ ያጨደው ልጅ ይስማውን በትከሻው ገፋ አደረገውና «ድስት፣ ድስት» አለው በአማርኛ። ይስማው አንገቱን እንደደፋ ቆመ። ማዘንጊያ ብቻ ናት ጣቶቹ ከሱሪው ጎን መጨበጣቸውን ያየችው።

ወጥ ቤት ያሉት አንደኛ ክፍል የነበረ ቤት ነው። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የዐረብኛ ፊደላት በጠመኔ እንደተጻፉ ናቸው። ማገዶው የተማሪ ወንበር ነው። ከየት እንዳመጧቸው የማይታወቅ የሁለት በጎች ሥጋ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ የደረቀ ባሚያ ዱቄትና ለገንፎ የሚሆን ዱቄት ተደርድሯል። ሠላሳ ሰው ይበላል። ገኢዱ በሩ ላይ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ፤ ሰሊጥ ያጨደውን ልጅ ከድስቱ አጠገብ አቆመው። ማዘንጊያ ገባት፤ ምግቡን አይደለም የሚጠብቁት። ሰውየውን ነው።

ይስማው ማማሰያውን እንደ አካፋ ነው ያነሣው። ልጁ አማርኛ ይሰማል፤ እንዲህ አድርግ ብትለው አለቀላቸው። ሽንኩርቱን እየላጠች አሰበች፤ ከዚያም ምግብ ቤቱ ውስጥ አዲስ ሳለች ለዋናዋ ወጥ ሠሪ ትናገር በነበረው አነጋገር ጀመረች።

«ጌታዬ፣ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ላቁላላልህ፣ እንደምትወደው?»

ይስማው ቀና ብሎ አያት። ገባው። «አዎ» አለ። «ያለ ዘይት።»

«አሁን ቡናማ መልክ አወጣ፤ ዘይቱን ላቀብልህ?»

«አቀብይኝ።»

«ሥጋውን በአንዴ ነው የምትጨምረው ወይስ በሁለት? ባለፈው በሁለት ነበር ያደረግኸው።»

«በሁለት።» ድምፁ እየጠና መጣ። «እሳቱንም ቀንሽው፣ ያርብናል» አለ ከራሱ ጨምሮ። እሳቱ መቀነስ አልነበረበትም፤ እሷ ግን «እሺ» ብላ አንዱን እንጨት ጎተተች፤ ልጁ ሲዞር መለሰችው። በዚህ ዓይነት ሦስት ሰዓት ቆሙ። ከወገቧ በታች ላብ ይወርዳታል። ይስማው በሙቀቱ ሁለቴ ተንገዳገደ፤ ሁለቴም የድስቱን ጆሮ ይዞ ቆመ፤ መዳፉ ተላጠ፤ አልጮኸም። የሰኔ ጾም ስለሆነ ሥጋውን መቅመስ አትችልም ነበር። ጨው ስትጨምር በጠረኑ ነበር የምትለካው፤ አንዴ ግን ብዙ የፈሰሰ መሰላትና፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ብላ የማማሰያውን ጫፍ ላሰች። ልክ ነበር። ገንፎውን ስታገላብጥ ገኢዱ ተነሥቶ መጣና ይስማውን «አንተ አገላብጠው» አለው። ይስማው ማማሰያውን ተቀበለ። መድፍ ሲዘውሩ እንደኖሩ እጆች ጨክኖ ያዘውና ዱቄቱን ከዳር ወደ መሐል ያዞረው ጀመር። የሚያደርገውን ያወቀ ይመስል ነበር። ገኢዱ ትንሽ ቆሞ አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

ልጆቹ በሉ። እንደተራቡ ልጆች፣ ሳይነጋገሩ፣ ጣታቸውን እየላሱ በሉ። አንዱ፣ ጢም ያላወጣው፣ «እናቴን አስታወስሽኝ፣ ያ ኻላ» አላት። ማዘንጊያ ጨመረችለት፤ ጠመንጃው ጉልበቷን ይነካ ነበር። ከዚያ ይስማው በሳህን ገንፎና ወጥ ይዞ ለበቀለ ሊሰጥ ወጣ። እሷ ውኃ ይዛ ተከተለችው። ሰሊጥ ያጨደው ልጅ ሳህኑ ላይ አቀርቅሯል።

በቀለ ጎረሰና አላመጠ። «ያረረ ነው» አለ ጮክ ብሎ በዐረብኛ። ከዚያ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በአማርኛ፣ «ማነጣጠሪያውን በትኜዋለሁ። ሁለቱን ብሎን ሽንት ቤት ጣልኩ። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን አቆያቸዋለሁ። ዛሬውኑ ውጡ» አለ።

«አንተስ?» አለ ይስማው።

«እኔ ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠባኽ ነኝ ብል ማን ያምነኛል?» ውኃውን ጠጣ። «ገበያው ላይ ነው የሚያወርዱት፣ ሃምሳ አለቃ። በሴትና በልጅ ላይ። አልሠራላቸውም።»

ይስማው ባዶውን ሳህን በሁለት እጁ ተቀበለና፣ አሠሪዎቹ ፊት እንኳ አድርጎት በማያውቀው አኳኋን፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ለሚያየው አስተናጋጅ ነበር።

ሲሸኛቸው ገኢዱ ለማዘንጊያ አንድ ከረጢት ስኳር ሰጣት። «ነገ በሦስት ሰዓት» አለ ይስማውን። «ከመጣህ ጓደኛህ እውነተኛ ሰው ነው። ከቀረህ ዋሽቶኛል ማለት ነው።»

ቤት ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቁም ሳጥኑን ሲያነሡ ናርዶስ ወጥታ አባቷ ላይ ተጠመጠመች። የኔነሽ ሁሉን በግድግዳው ሰምታ ነግራታለች። «ባባ፣ አንተ ጠባኽ ነህ እንዴ? ወላሂ አላወቅኩም» አለች፤ ግማሽ ሳቅ ግማሽ ለቅሶ ነበር። ይስማው ጭንቅላቷን ዳበሳትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የኔነሽ በቀዳዳው ብቅ ብላ ሀፍላው መምጣቱ እንደማይቀር፣ ሾፌሩ አምስት ደቂቃ እንደማይጠብቅ ተናገረችና፣ የሁለቱን ፊት አይታ ልጅቷን ይዛ ተመለሰች።

«ተነሣ እንዳትይኝ» አለ ይስማው። «አልሄድም።»

«በቀለ ራሱ ውጡ አለህ እኮ! በጆሮዬ ሰማሁት።»

«አለኝ።»

«ታዲያ? ብትቆይ ምን ታደርግለታለህ? ሦስት ቀን ገንፎ ታበላዋለህ፤ በአራተኛው ሁለታችሁንም ይገድሏችኋል። እኔስ? ልጅቷስ?» ድምፅዋን አፍና ነበር የምትጮኸው። «እግሬን አየኸው? አሁንም አልቆመም፣ ይንቀጠቀጣል። እፈራለሁ፣ ይስማው። ከዚህ በላይ መፍራት አልችልም።»

ይስማው የተላጠ መዳፉን ያየዋል። «እኔ ካልፈራሁ ማን ሊፈራ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስተኩስ የኖርኩት የት እንደሚወድቅ ሳላይ ነው፤ ቁጥር ይነግሩኛል፣ እተኩሳለሁ። ሲያጨበጭቡልኝ አለቀስኩ፤ ምስጋናው አስደስቶት ነው አላችሁ። እኔ የት የት እንደወደቀ ነበር የማስበው። በቀለ ዛሬ የሚወድቅበትን አይቶ እንቢ አለ። ሰላሳ ሁለት ዓመት ወታደርነቴን ደበቅሁ፤ አሁን ደግሞ በሰው ነፍስ ልደብቀው? ነገ በሦስት ሰዓት ካልታየሁ እሱን ነው ግድግዳው ሥር የሚያቆሙት።»

ማዘንጊያ ደግ ሰው ነው ብላ አላሰበችም። ተናደደችበት፤ ከማናደዱ ይልቅ ግን ትክክል መሆኑ አስፈራት።

«አንቺ ከልጅቷ ጋር ሂጂ» አለ። «ምን ያህል ጨው፣ ምን ያህል ዘይት፣ መቼ እንደሚጨመር አስተምሪኝ። ብቻዬን እወጣዋለሁ። ብሎኑ የጠፋበት መድፍ አንድ ሳምንት ሊያቆያቸው ይችላል፤ አንድ ሳምንት ብዙ ነው፣ እስከዚያ ያፈገፍጉም ይሆናል። ያኔ ሁለታችንም እንመጣለን።»

«እሺ» አለች።

ወጥ ቤቷ አንድ ሰው የምታቆም ናት። የቀሯትን አራት ሽንኩርቶች አወጣች። ቢላውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ጣቱን እንዴት እንደሚያጥፍ አሳየችው። ለሠላሳ ሰው ሦስት ጭብጥ ጨው፣ ጭብጡም የእሱ ሳይሆን የእሷ፤ ስለዚህ የእሱ ሁለት። ሽንኩርቱ ሽታው ሲጣፍጥ እንጂ ቀለሙ ሲጠቁር አይደለም ዘይት የሚገባው። ገንፎው ከማማሰያው ላይ ሳይንጠባጠብ ሲቀር በስሏል። እየደገመ ይላታል፤ ድሮ የተኩስ ቁጥር እንደሚደግሙት፣ ዓይኑን ጨፍኖ። አንዱን ተሳስቶ አረመችው። ሁለተኛውን ሽንኩርት ጀመረ።

የሀፍላው ጥሩንባ ሲሰማ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች። ናርዶስ ሻንጣዋን አቅፋ በር ላይ ነበረች። «ማማ፣ አንቺ ከኋላ ትቀመጪያለሽ?» አለች። ማዘንጊያ ፀጉሯን በሻሽ ሸፈነችላት፤ የየኔነሽን ክንድ ይዛ ወደ ጎን ሳበቻት። «መደኒ ድረስ እንደ ልጅሽ» አለቻት። የኔነሽ ገብቷት ማልቀስ ጀመረች። «አታልቅሺ፣ ታያለች» አለች ማዘንጊያ። ከዚያ ልጇን አስገብታ፣ «ከአባትሽ ጋር እንደርስባችኋለን። ሶባ ላይ ቢያቆሟችሁ የኔነሽ እናቴ ናት በይ» ብላ በሩን ከውጭ ዘጋችው። ናርዶስ መስታወቱን መምታት ጀመረች። ባዶ የቀሩትን ሁለት ቦታዎች፣ ከመንገዱ ዳር ቆማ የነበረች ነፍሰ ጡርና እናቷ ተሻምተው ያዟቸው። ሀፍላው ጉድጓዱን እየዘለለ ወደ ሶባ መንገድ ታጠፈ። ማዘንጊያ አቧራው እስኪቀመጥ ቆመች። ከዚያ ገባች።

ይስማው ሦስተኛው ሽንኩርት ላይ ነበር። ዓይኑ ቀልቶ እንባው እየወረደ ቀና አለ፤ እሷን በሩ ላይ ሲያይ ቢላዋው ባለበት ቆመ።

«መኪናው ሄደ እኮ» አለ።

«ሄደ።»

ናርዶስ አለመቅረቷን ለማረጋገጥ ከኋላዋ አየ፤ ማንም አልነበረም። እሷ በጠባቧ ወጥ ቤት ከጎኑ ተጠግታ ቆመችና ከመክተፊያው ላይ አንዱን ቁራጭ በጣቷ አነሣች።

«ይኼ ወፍራም ነው» አለችው። «አድቅቀህ ክተፈው። ነገ ከጎንህ ስቆም እንዳታሳፍረኝ።»